አብሮ መታየትና ምክንያት መሆን፦ በመርሳና በወልድያ ክፍሎች ተዛምዶን እንዴት እናስተምር?

ዛሬ ይዘን የቀረብነው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሒሳብ ሲባል ገጹን ለመዝጋት የሚቸኩል ወንድም ወይም እህት ካለ ትንሽ ይታገሠን፤ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ የልጆቻችን ነውና።

መርሳ ላይ እናስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ አባት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቀው አገኙን። ልጃቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ነበረች። «ኡስታዝ፣ ልጅቱን ከቂርኣት ላስወጣት ነው» አሉን። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ወደ መድረሳ የሚመላለሱ ልጆች የሒሳብ ውጤት ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ መገኘቱ በወረቀት ተነብቧል አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥሩ ከተናገረ እኔ ምን እላለሁ?»

በዚያች ሰዓት ጥሩ መልስ አልነበረንም። «ጋሼ፣ እስኪ ይታገሡን፣ ዝርዝሩን እንየው» ብለን ብቻ ተለያየን። በኋላ ዝርዝሩን ስናየው ውሸት አልነበረም። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ውሸት ነው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ትክክለኛ ቁጥር ተይዞ የተሳሳተ ፍርድ ሲሰጥ ግን ፍርዱን ለመመርመር የሚያስችል ትምህርት ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ውስጥ አለ፤ ስሙም ተዛምዶ ወይም በተለምዶው ኮሪሌሽን ይባላል። እኛ ባስተማርንባቸው ዓመታት የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ሁልጊዜ ሰኔ ላይ ይደርስና በጥድፊያ ይታለፍ ነበር። ተማሪውም ቀመሩን ሸምድዶ ይሄዳል፤ ቀመሩ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ።

ባቄላና ጠመኔ

ለዚህ ትምህርት ኮምፒውተር ያስፈልጋል የሚል መምህር ብዙ ነው። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ወልድያና መርሳ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ሲቆይ በአካባቢው የትምህርት ቤት ንብረት እንዴት እንደወደመና እንደተዘረፈ የሰሜን ወሎ ሰው ያውቀዋል። ወንበር ያልነበረበት ክፍል ኮምፒውተር ከየት ይመጣል? እኛ የምንጠቀመው ጠመኔና አንድ እፍኝ ባቄላ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወለሉ ላይ አንድ አግድም መስመርና አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ ይሰመራል። አግድሙ ላይ ለምሳሌ ተማሪው በወሰነ ትምህርቱ ከክፍል የቀረባቸው ቀናት ይጻፋሉ፤ በቀጥታው ላይ ከመቶ ያገኘው ውጤት። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባቄላ ይይዝና በሁለቱ ቁጥሮች መገናኛ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ባቄላ አንድ ሰው ነው። ሁሉም ካስቀመጠ በኋላ አግዳሚ ላይ ወጥተው ከላይ እንዲያዩት እናደርጋለን፤ «ይህ የባቄላ ደመና ወዴት ያዘነብላል?» ብለን እንጠይቃለን። የነጥብ ግራፍ፣ ማለትም ስካተር ፕሎት የሚባለው ይኸው ነው።

ሁሌም የሚገጥመን ስሕተት አንድ ነው። ልጆቹ ባቄላዎቹን በመስመር ማያያዝ ይፈልጋሉ፤ ከዚህ በፊት የተማሩት የሙቀትና የዝናብ ግራፍ ነጥብ ከነጥብ የሚያያዝ ስለሆነ። እዚህ ግን ነጥቦቹ የአንድ ሰው ጉዞ አይደሉም፤ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከድርን ከፋጡማ ጋር በመስመር ብናገናኛቸው መስመሩ ምንም አይነግረንም። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው በየነጥባቸው ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ይሻላል። ቆመው ሲተያዩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ለምሳሌ ይሁነን ብለን ስምንት ተማሪዎችን እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ያዘጋጀናቸው ናቸው፤ የማንም ልጅ ውጤት አይደሉም። 1 ቀን የቀረው 82 አገኘ፣ 2 ቀን የቀረው 74፣ 3 ቀን የቀረው 78፣ 5 ቀን የቀረው 66፣ 6 ቀን የቀረው 70፣ 8 ቀን የቀረው 56፣ 9 ቀን የቀረው 60፣ 14 ቀን የቀረው 42። ባቄላዎቹ ሲቀመጡ ከግራ ላይኛው ጥግ ወደ ቀኝ ታችኛው ጥግ ይወርዳሉ። አልፎ አልፎ ከፍ ዝቅ ቢሉም አዝማሚያው ግልጽ ነው።

አሁን ደመናውን በአንድ ቁጥር እንግለጸው። አማካይ የቀሩበት ቀን 6 ነው፤ አማካይ ውጤቱ 66። እያንዳንዱ ተማሪ ከሁለቱም አማካዮች ምን ያህል እንደሚርቅ እናሰላለን። 1 ቀን የቀረው ከ6 በ5 ያንሳል፣ ከ66 ደግሞ በ16 ይበልጣል፤ ሁለቱን ብናባዛ -80 ይሆናል። ለስምንቱም እንዲህ አድርገን ስንደምር -378 እናገኛለን። ይህን ለማመጣጠን የቀናቱን ርቀቶች ካሬ ድምር (128) በውጤቶቹ ርቀቶች ካሬ ድምር (1192) አባዝተን ከብዜቱ ካሬ ሥር፣ ማለትም ከ390.6 ጋር እናካፍላለን። መልሱ -0.97 ነው። ይህ ቁጥር መቼም ከ-1 አያንስም፣ ከ1 አይበልጥም። ምልክቱ አቅጣጫውን ይነግረናል፤ ወደ 1 ወይም ወደ -1 መቅረቡ ነጥቦቹ ምን ያህል ወደ ቀጥታ መስመር እንደተጠጉ ያሳያል። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ቀጥ ያለ ዝምድና አይታይም ማለት ነው። ቀጥ ያለ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አንዱ ባቄላ

እዚህ ላይ ብዙ መምህር ያቆማል። እኛ ግን ዘጠነኛ ተማሪ እንጨምራለን፦ 15 ቀን ቀርቶ 88 ያገኘ። ሒሳቡን እንደገና ስንሠራው -0.97 የነበረው ወደ -0.35 ይወርዳል። በአንድ ባቄላ! ክፍሉ ይንጫጫል። ግማሹ «ይውጣ» ይላል፣ ግማሹ «ይህ ተማሪ አጭበርብሯል» ይላል።

ትክክለኛው መልስ ሄዶ መጠየቅ ነው። ምናልባት ጸሐፊው 1.5 ሊጽፍ ሲል ነጥቡን ረስቶት ይሆናል። ምናልባት ልጁ ክፍል የደገመ ስለሆነ ትምህርቱን ቀድሞ ያውቀዋል። ምናልባት ታሞ ቤት ተኝቶ ሳለ ታላቅ እህቱ እያስጠናችው ነበር። የጽሑፍ ስሕተት ከሆነ ይታረማል፤ እውነተኛ ተማሪ ከሆነ ግን ስላልተመቸን ብቻ አናስወጣውም። ሐዲስ የሚማር ደረሳ «ይህን ማን አወራው? ከማን ሰማ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ ቁጥርም ሰነድ አለው። ማን ቆጠረው፣ መቼ ቆጠረው፣ ማንን ሳይቆጥር ቀረ? ይህን ለሙስሊም ተማሪዎች ስናስረዳ ብዙ አንደክምም፤ ከመድረሳ ይዘውት ይመጣሉ።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ ግራፉን አለማየት ምን ያህል እንደሚያሳስት ፍራንሲስ አንስኮም የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. በማያከራክር ምሳሌ አሳይቷል። አራት የቁጥር ስብስቦችን አዘጋጀ፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። የአግድሙ አማካይ በአራቱም 9 ነው፣ የቀጥታው አማካይ 7.5፣ የተዛምዶው ቁጥር በአራቱም 0.82 ገደማ። በወረቀት ላይ መንትያዎች ናቸው። በግራፍ ሲሣሉ ግን አንደኛው ተራ ደመና ነው፣ ሁለተኛው እንደ ቀስት የታጠፈ ነው፣ ሦስተኛው ቀጥ ካለ መስመር ላይ አንድ ነጥብ ያፈነገጠበት ነው፣ አራተኛው ደግሞ ከአንዷ ነጥብ በስተቀር ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙበት ነው። ቀጥ ያለ ያልናት ቃል ፋይዳዋ እዚህ ላይ ይታያል፤ የታጠፈውን ስብስብ ይህ ቁጥር በሚገባ ሊመዝነው አይችልም። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ይሣል፣ ከዚያ ያስላ። በተገላቢጦሽ የሚሠራ ተማሪ ምን እያሰላ እንደሆነ አያውቅም።

በነገራችን ላይ የተዛምዶን ሐሳብ በ1888 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያቀረበው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፤ ካርል ፒርሰን ደግሞ ዛሬ የምንጠቀምበትን ቀመር አጠናከረው። ጋልተን ያው ሰውየው «ኢዩጀኒክስ» የሚለውን፣ የሰው ዘርን እንደ ከብት የመምረጥ ሐሳብ ስም አውጥቶ ያስፋፋ ነው። መሣሪያው ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ቁጥር በጥሩ ሁኔታ የሚያሰላ ሰው ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ይፈርዳል ማለት እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

ፀሐይ በጠቆረች ቀን

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ። አንዱ ሌላውን አምጥቶታል ማለት ይቻላል?

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ አረፈ። በዚያው ቀን የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። መዲና ውስጥ ሰዎች ፀሐይዋ የጠቆረችው በኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ይህ አባባል ለነቢዩ ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር፤ ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ መወለድ እንደማይጠቁሩ ተናገሩ፤ ሰዎቹንም ወደ ሶላትና ዱዓእ መሯቸው። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በልጃቸው ሐዘን ውስጥ ሆነው፣ ለእርሳቸው የሚመች የሚመስለውን የተሳሳተ ግንኙነት አረሙ። ክፍል ውስጥ ስለ ምክንያትና አብሮ መታየት ስናስተምር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘንም።

የኡሱል ሊቃውንትም ይህን ጉዳይ በስሙ ጠርተው ተከራክረውበታል። አንድ ባሕርይ ሲኖር ፍርዱ ይኖራል፣ ባሕርዩ ሲጠፋ ፍርዱ ይጠፋል፤ ይህን «ደወራን» ወይም «ጠርድ ወዐክስ» ይሉታል። ታዲያ ይህ ብቻውን ባሕርዩ የፍርዱ ዒለት፣ ማለትም ምክንያት መሆኑን ያረጋግጣል? ከሊቃውንቱ ግምት ይሰጣል ያሉ አሉ። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁሏህ፣ በ505 ሂጅራ ያረፉት) በ«አል-ሙስተስፋ» ኪታባቸው ብቻውን አይበቃም ይላሉ፤ ምሳሌያቸውም የኸምር ሽታ ነው። ያ ልዩ ሽታ ኸምሩ ሲሰክር አብሮ ይመጣል፣ ወደ ኮምጣጤ ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። እርሙም እንዲሁ፦ አብሮ ይመጣል፣ አብሮ ይጠፋል። ሽታውና እርምነቱ አንድም ጊዜ አይለያዩም። ግን ኸምር እርም የሆነው በሽታው ነው የሚል የለም። እርም ያደረገው ማስከሩ ነው፤ ሽታው ከማስከሩ ጋር የሚጓዝ ጓደኛ ነው።

በዛሬው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ በሽታውና በእርምነቱ መካከል ያለው ተዛምዶ ፍጹም ነው፤ ምክንያትነቱ ግን ዜሮ ነው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ከገባው የተቀረው ልምምድ ብቻ ነው። መፍትሔውም በዚያው በኡሱል ውስጥ አለ፤ «ሰብር ወተቅሲም» ይባላል። ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ትዘረዝራለህ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመረመርክ የማይሆኑትን ትጥላለህ። ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀሩ ሽማግሌዎቻችን ይህን ያውቁታል። የሒሳብ መምህሩና የመድረሳው ኡስታዝ አንድ ጉዳይ እያስተማሩ እንደሆነ አለመተዋወቃቸው ሁሌም ይቆጨናል።

የአማርኛው ቃል ራሱ ይረዳናል። ተዛምዶ ከዘመድ ይወጣል። ሁለት የአጎት ልጆች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ሌላውን ስለወለደው ግን አይደለም፣ አያታቸው አንድ ስለሆነ ነው። ሁለት ቁጥሮች ሲመሳሰሉም «አያታቸው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሀብሩ ገበሬ አቀንጭራ የበዛበት ማሳ ላይ ማሽላው ቀጭጮ ያያል። አቀንጭራው ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ስለሚመጠው በእርግጥም ይጎዳዋል። ነገር ግን አቀንጭራ የሚበረታው ለምነቱ በተሟጠጠ መሬት ላይ ነው፤ የተሟጠጠ መሬት ደግሞ አቀንጭራ ባይኖርም ማሽላውን ያቀጭጨዋል። እዚህ አባትም አያትም አሉ። አረሙን ነቅሎ መሬቱን እንዳለ የተወ ገበሬ ግማሽ መፍትሔ ነው የያዘው።

ዝርዝሩን እንደገና ስናየው

ያን የወላጆች ስብሰባ ዝርዝር ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ የጠየቅነው «ወደ መድረሳ የሚመላለሱት ልጆች እነማን ናቸው?» የሚል ነበር። አብዛኞቹ ከመርሳ ከተማ ወጣ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች በእግር የሚመጡ ነበሩ። ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ውሃ ይቀዳሉ ወይም ከብት ያሰማራሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይመሻል፤ መብራት የሌለበት ቤት አለ። ከተማ ውስጥ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሚቀሩ በዝርዝሩ ላይ «መድረሳ የሚሄድ» ተብለው አልተመዘገቡም ነበር። ይህች የአመዘጋገብ ነገር ብቻዋን ውጤቱን ልታጣምመው ትችላለች።

ከዚያ ግራፉን እንደገና ሠራነው። በአግድሙ ላይ ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚፈጀውን የእግር መንገድ አደረግን፤ በቀጥታው ውጤቱን። መድረሳ ለሚሄዱት ባቄላ፣ ለማይሄዱት ሽምብራ አስቀመጥን። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ደመናው ወደ ታች ያዘነብል ነበር፤ ባቄላና ሽምብራው ግን ተቀላቅሎ ነበር። ርቀታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ለብቻ ስናያቸው መድረሳ በሚሄዱትና በማይሄዱት መካከል በዓይን የሚለይ ልዩነት አላየንም።

ታዲያ «መድረሳ ውጤት አይቀንስም፤ ተረጋገጠ» ልንል ነው? አንልም። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ነው፤ ዓመቱ አንድ ነው። ማለት የምንችለው ዝርዝሩ መድረሳን ለመወንጀል አይበቃም የሚለውን ብቻ ነው። ለአባትየውም ይህንኑ ነገርናቸው። በእርግጥ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የደከመ ልጅ ማታ ሁለት ሰዓት ቂርኣት ላይ ቢቀመጥ ይደክመዋል፤ ይህን መካድ የለብንም። ግን ያ የሰዓት ድልድል ጉዳይ ነው፤ ከኡስታዙ ጋር ተነጋግሮ ሊስተካከል ይችላል።

ሚዛኑ ለሚመቸንም እኩል መሆን አለበት። በኛው መድረኮች ላይ ደጋግሞ የሚነገር ሌላ አባባል አለ፦ ቁርኣን የሐፈዙ ልጆች በሒሳብም በሌላውም ይበልጣሉ። እንሰማዋለን፣ ደስ ይለናል፣ እናስተላልፈዋለን። ሊሆን ይችላል፤ የማስታወስ ልምምድ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ግን ሒፍዝን የጨረሱት ልጆች እነማን ናቸው? ትዕግሥት ያላቸው፣ ወላጅ በየቀኑ የሚከታተላቸው፣ ሕመምና ችግር ያላቋረጣቸው ናቸው። ጀምረው ያቋረጡት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ያ ትዕግሥትና ያ ወላጅ ለሁለቱም ስኬት አያት ሊሆን ይችላል። መድረሳን የሚወነጅለውን ዝርዝር በዚህ ሚዛን መዝነን ሲያበቃ መድረሳን የሚያወድሰውን ሳንመዝን ብናሳልፈው ተማሪዎቻችን ያዩናል። ልጆች ይህን ቶሎ ያያሉ። ቁርኣን የሚቀራው አላህ ዘንድ ላለው አጅር ነው፤ በሒሳብ ውጤት ካልተደገፈ ዋጋ የሌለው ይመስል ማስረጃ ልናበጅለት አይገባም።

መልሱን በጽሑፍ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ እያከበቡ የሚመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ በሒሳብ ትምህርት አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ ሊጨርስ ይችላል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ «ግራፉን አይተህ ያየኸውን ጻፍ» ሲባል ሁለት ፈረስ ላይ ይቀመጣል፤ ሐሳቡም ቋንቋውም ያስቸግሩታል። እኛ የደረስንበት ዘዴ መጀመሪያ በአማርኛ እንዲናገሩ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እንዲጽፉ፣ በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዞሩት ማድረግ ነው። ጊዜ ይወስዳል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ሥርዓተ ትምህርቱን ያስረፍዳል ብለው ወቅሰውናል፤ እውነታቸውን ነው፣ አስረፍዶብናል።

ከላይ ስላየናቸው ስምንት ተማሪዎች ጻፉ ስንል የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ «ግንኙነት አለ» የሚል ነው። ምን ዓይነት? በምንና በምን መካከል? ሁለተኛው «ኔጌቲቭ ነው» ይላል፤ ይህ ከመጀመሪያው በአንድ ቃል ይሻላል። ሦስተኛው በድፍረት «የሚቀር ተማሪ ይወድቃል» ብሎ ይጽፋል፤ ስምንት ሰው አይቶ ለአገር ሁሉ ፈረደ።

የምንፈልገው መልስ ይህን ይመስላል፦ «በእነዚህ ስምንት ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ቀን የቀሩት ዝቅ ያለ የሒሳብ ውጤት የማግኘት አዝማሚያ ይታይባቸዋል። ተዛምዶው አሉታዊና ጠንካራ ነው (-0.97)፤ ነጥቦቹም ወደ ቀጥታ መስመር የተጠጉ ናቸው። 14 ቀን የቀረው ተማሪ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ቢገኝም አዝማሚያውን ይከተላል። ይሁንና ውጤቱን ዝቅ ያደረገው መቅረቱ መሆኑን ከዚህ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ሕመም ወይም የቤት ውስጥ ሥራ ጫና ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል።» ከአምስት ነጥብ ስናርም ለአቅጣጫው፣ ለጥንካሬው፣ ለቅርጹና ላፈነገጠው ነጥብ አንዳንድ እንሰጥና የመጨረሻዋን ነጥብ ቀናትንና የሒሳብ ውጤትን በስማቸው ለጠራ ተማሪ እናስቀራለን። ስለ ምክንያት ከመጠን በላይ የተናገረ ግን አንድ ይቀነስበታል።

በአማርኛ ሲጻፍ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። «ቀነሰ» እና «ጨመረ» የሚሉት ግሦች ሁለት ሥራ ይሠራሉ። «ውጤቱ ቀነሰ» ስንል በራሱ ዝቅ አለ ማለት ነው፤ «መቅረቱ ውጤቱን ቀነሰ» ስንል ግን መቅረቱ አደረገው ማለታችን ነው። ልዩነቷ «ን» የምትባል አንዲት ፊደል ናት። ተማሪው «የቀረበት ቀን ሲጨምር ውጤቱ ቀነሰ» ብሎ በትክክል ይጀምርና በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ሳያስበው «መቅረት ውጤትን ይቀንሳል» ይላል። ከዚያች «ን» በታች በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ልማዳችን ነበር። በእያንዳንዱ ቀን ውጤቱ ወደ 3 ነጥብ ዝቅ ብሎ ይታያል ማለትም ትክክል ነው፤ አንድ ቀን ብትቀር 3 ነጥብ ታጣለህ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አራት ዓመት፣ አራት ነጥብ

ከተማሪዎቹ ጋር እውነተኛ ቁጥር መሥራት የሚፈልግ መምህር ከብሔራዊ ፈተናው ይጀምር። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የተገለጹት ውጤቶች እነሆ፦ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከ890 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ። በ2015 ከ840 ሺህ በላይ ተፈትነው 3.2 በመቶ። በ2016 ከ670 ሺህ በላይ፣ 5.4 በመቶ። በ2017 ከ580 ሺህ በላይ፣ 8.4 በመቶ። አራቱን ነጥቦች በባቄላ ብናስቀምጥ የተፈታኙ ቁጥር ሲያንስ ያለፈው መቶኛ ይበልጣል፤ ተዛምዶው -0.95 ገደማ ነው።

የተፈታኝ ማነስ ውጤትን ያሻሽላል? ተማሪዎቹ ሰብር ወተቅሲም ይሥሩ። ዓመት አለፈ፤ ተማሪውም መምህሩም አዲሱን የፈተና አሰጣጥ ለመደው፣ ይህ አንድ ሊሆን የሚችል ምክንያት ነው። ዝግጅታቸው ደካማ የሆኑት ከመፈተን ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁለተኛ ነው። ነጥቦቹ ደግሞ አራት ብቻ ናቸው። እና ሰሜን ወሎ ላይ ተቀምጦ ይህን ግራፍ የሚሠራ ተማሪ የማይረሳው አንድ ነገር አለ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በጸጥታው ችግር የተዘጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ፈተናው አዳራሽ ሳይደርሱ የቀሩ ብዙ ልጆች አሉ። ከተፈታኙ ቁጥር ውስጥ የሉም፤ ከመቶኛውም ውስጥ የሉም። መቶኛው ከፍ ሲል የእነሱ ሁኔታ ተሻሻለ ማለት አይደለም። በባቄላው ግራፍ ላይ ቦታ የላቸውም፤ ምክንያቱም አንድ ባቄላ ለማስቀመጥ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፣ እነሱ ሁለተኛው ቁጥር የላቸውም። ከወለሉ ጠርዝ ውጪ አንድ እፍኝ ባቄላ ለብቻው አስቀምጡና «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ያላችሁ የመድረሳ ኮሚቴዎችና የትምህርት ቤት ወላጅ ተወካዮች በዚህ ጉዳይ መነጋገር ብትጀምሩ መልካም ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የቂርኣት ሰዓቱ በሳምንት፣ የእግር መንገዱ በደቂቃ፣ የቀረበት ቀንና ውጤቱ በየወሰነ ትምህርቱ ይመዝገብ። ቅዳሜና እሑድ የሚቀራውም ይቆጠር፣ መሐል ላይ ያቋረጠውም ከነምክንያቱ ይጻፍ። የልጆቹ ስም ስብሰባ ላይ አይነበብ። ደብተሩን ወደ ግራፍ የሚለውጡት ደግሞ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው ይሁኑ፤ ያዩትንም በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈው ለወላጆች ያንብቡ። ያ አባት በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቁጥር ሲነበብላቸው የሚጠይቁት ጥያቄ ይዘው ይሄዳሉ ኢንሻአላህ። ልጅቱን በተመለከተ፣ ከኡስታዙ ጋር ተነጋግረው ቂርኣቷን ከማታ ወደ ቅዳሜና እሑድ አዘዋወሩላት።

ወሏሁ አዕለም።